ምንጭ፦ ያልታወቀ

ሥራዬ መፈረም ነው። ሰው ሲጠይቀኝ እንዲህ ብቻ ነው የምመልሰው፤ ከዚህ በላይ የሚብራራ ነገር የለውም። አመሳካሪው የሚባለው ማሽን የአገሩን ተማሪ ወረቀት ሁሉ ያነብና ማን ከማን ጋር እንደተመሳሰለ ያወጣል። ሕጉ ደግሞ የሰው እጅ ሳያርፍበት ማንም ተማሪ አይታገድም ይላል። የሰው እጅ የተባልኩት እኔ ነኝ። ደሴ ባለው ማዕከል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከኔ ጋር አሥራ ስድስት እጆች አሉ፤ በፈተና ሰሞን እያንዳንዳችን በቀን ሦስት መቶ ፋይል እንፈርማለን። መጀመሪያ ስቀጠር አራጋው ውብሸት ብዬ ከነአባቴ ነበር የምጽፈው። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ የቀረችኝ አንዲት ጭረት ናት።

ዘንድሮ፣ በሁለት ሺህ ስልሳ፣ ፈተናው እንደ ወትሮው አለፈ። ልጆቹ ሃያ አንድ ቀን ቀድመው ካምፕ ገቡ። ኪስ የሌለው ግራጫ ልብስ ተሰጣቸው። ጠዋት ጠዋት ከቁርስ በፊት ተሰልፈው ጆሯቸውን በጨው ውሃ ታጠቡ፤ ጆሮ ውስጥ የሚቀመጠው አስጠኚ መሣሪያ ዛሬ ከጤፍ ፍሬ ስለማይበልጥ ታጥቦ ካልወጣ በዓይን አይገኝም። ወላጅ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ልጁን ማየት ይችላል፣ እጁን ማውለብለብ ግን አይችልም። በካምፑ ዙሪያ ያሉ ቤቶች ልብስ አያሰጡም፤ አንድ ዓመት አንዲት እናት ቀይና ሰማያዊ ፎጣ እያፈራረቀች አስጥታ ለልጇ ሠላሳ ሁለት ጥያቄ ነግራዋለች ይባላል። የሰፈሩ ዶሮዎችም ለሦስት ሳምንት ዘመድ ቤት ይላካሉ። ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ከዚያ ኔትወርክ ይጠፋል፣ አገሩ አራት ቀን ዝም ይላል፣ ሰው የጎረቤቱን ስም የሚጠይቀው ያኔ ነው።

ድሮ ኩረጃ ማለት አንገት ማስረዘም ነበር። አሁን የሚኮረጅ ነገር የለም። ልጅ አምስት ዓመት ሲሞላው የራሱ አስጠኚ ጆሮው ውስጥ ይገባል፤ ባሕርዩን እያየ፣ በሚወደው ጨዋታና በሚገባው ቀልድ ያስተምረዋል። ሁለት ልጆች አንድን ነገር በአንድ መንገድ አይማሩም። እናም ሁለት ወረቀት ከተመሳሰለ አንዱ ከሌላው ወስዷል ማለት ነው። መልሱ ልክ ይሁን ስህተት አመሳካሪው ግድ የለውም፤ እሱ የሚያየው መመሳሰሉን ነው።

ፋይሉ ሦስት ሣጥን አለው። አንደኛው የተመሳሰሉት ተማሪዎች ስም፣ ሁለተኛው የመመሳሰሉ መጠን፣ ሦስተኛው ምንጭ። መልሱን ያቀበለው ሰው ከታወቀ ልጆቹ "ተቀባይ" ይባሉና በዓመቱ ይፈተናሉ። ካልታወቀ ሁሉም የኩረጃው አባሪ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ኮሌጅ አይገቡም፣ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራም አይሠሩም። ሕጉ የወጣው ልጆቹ እርስ በርስ እንዲጠቋቆሙ ነው። አይጠቋቆሙም። እኔም በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሦስተኛው ሣጥን ላይ "ያልታወቀ" ከሚለው በቀር ጽፌ አላውቅም። እንጀራ ነው፣ ምን ይደረጋል።

ሐምሌ አሥራ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ የቀይ ገደል ፋይል መጣ። አርባ ሦስት ልጆች፣ መመሳሰል ዘጠና ሰባት ከመቶ። ሁለት ሦስት ልጅ ሲመሳሰል እንጂ አንድ ትምህርት ቤት እንዳለ ሲመሳሰል አይቼ አላውቅም። ጥያቄው የሰውን ልብ ሣሉና የደም ዝውውርን አስረዱ ይላል። አርባ ሦስቱም ልብን የሣሉት አንድ ዓይነት አድርገው ነው፤ ሳንባዎቹ እንደ ሁለት የባቄላ ፍሬ ተንጠልጥለዋል፣ ግራና ቀኙም ተገለባብጧል። ከሥሩ ሁሉም እንዲህ ብለው ጽፈዋል፦

"የደከመ ደም በግራ በር ገብቶ፣ ሳንባ ቤት ሻይ ጠጥቶ፣ በቀኝ በር ወጣ ተደስቶ።"

አመሳካሪው ይህ ዓረፍተ ነገር በየትኛውም መጽሐፍና በየትኛውም አስጠኚ ውስጥ የለም፣ ስለዚህ በፈተናው አዳራሽ የተቀባበሉት ነው ብሏል። ሦስተኛው ሣጥን ባዶ ነው። እኔ ግን ግጥሟን ሳያት ብዕሬን አስቀመጥኩ። የኔ ናት።

የተመረቅሁት በሒሳብ ነው። በሁለት ሺህ ሃያ ስድስት ሰኞ ገበያ የምትባል ከተማ ሳስተምር የባዮሎጂ መምህሩ ተዛወረና ርእሰ መምህሩ "አንተ ያዘው" አለኝ። መጽሐፉ ለሃምሳ ልጅ አንድ ነበር፣ የልቡ ገጽ ደግሞ ተቀዶ ሄዷል። ከትዝታዬ ሣልኩት። በሥዕል ላይ ያለ ልብ ፊት ለፊትህ የቆመ ሰው ልብ ነው፤ የሱ ቀኝ ያንተ ግራ ነው። እኔ ሰሌዳው ፊት ቆሜ በራሴ ግራና ቀኝ ጻፍኩት። እንዳይረሱት ብዬ ግጥሟን ጨመርኩላቸው፣ ገለበጧት፣ ሳቁ፣ ወደዷት። ሦስት ዓመት አስተማርኳት።

ስህተቴን ያወቅሁት ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ባለቤቴ የሺመቤት ልቧን ታማ ሐኪሙ ሥዕል እያሳየ ሲያስረዳን የልብ ቀኝ ጎን እያለ ጣቱን ሥዕሉ ግራ ላይ አሳረፈ። ተሳስተሃል ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ገባኝ። የሺመቤት ከዚያ በኋላ አራት ወር ነው የቆየችው፤ እኔም ያንን የሞኝ ሐፍረት ከሐዘኑ ጋር አብሬ ቀበርኩት። ለማን ልንገር? መቶ ሃምሳ ልጅ በየአገሩ ተበትኗል፣ ሁሉም በየጆሮው አስጠኚ አለው፣ ያርመዋል ብዬ ተውኩት። አስጠኚ ሲመጣ መምህር የሚባል ሥራ ቀርቶ እኛንም ወደ ፈራሚነት አዛውረውን ነበርና፣ ስለ ድሮ ትምህርት የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም።

ተማሪ ከመታገዱ በፊት ሦስት ደቂቃ ቃሉን የመስጠት መብት አለው። አስጠኚያቸው ስለማይመክራቸው ማንም አይጠቀምበትም። ከቀይ ገደል አርባ ሦስቱም ጠይቀዋል። ለሁሉም ጊዜ ስለማይፈቀድ አንዷን ከካምፑ በስክሪን አቀረቡልኝ፣ ሩቅያ ይማም የምትባል። እሷ እኔን አታይም፤ ፊቷ ያለው ግራጫ ስክሪን ነው፣ ድምፄም ተለውጦ ነው የሚደርሳት። ጆሮዋ በጨው ውሃው ብዛት ቀልቷል።

ቶሎ ቶሎ ተናገረች። ከሁለት ዓመት በፊት ገደሉ ተንዶ የኔትወርክ ማማውን ይዞት ወርዷል። አስጠኚዎቹ ያን ቀን ዝም አሉ። ጥገና ይመጣል ተባለ፣ አልመጣም። ልጆቹ ሁለት ወር ዝም ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ጋሽ ኑርልኝ፣ የትምህርት ቤቱ የንብረት ክፍል ሠራተኛ፣ ከመጋዘን ጥቁር ሰሌዳ አውጥተው አቧራውን ጠርገው አስተማሯቸው። እሳቸው ይጽፋሉ፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ። ጠመኔ ሲያልቅ ግድግዳ ላይ በከሰል ጻፉ። ማንም ከማንም አልኮረጀም፣ ሁሉም ደብተሩን ነው ያጠናው አለችኝ።

ኑርልኝ። ኑርልኝ ደምሌ፣ ሁለተኛ ረድፍ፣ መስኮቱ ጥግ። እርሳሱን አጥብቆ ከመያዙ የተነሣ ደብተሩን የሚቀድ ልጅ።

"ግጥሟን ከየት አመጧት?" አልኳት።

"ልጅ ሆነው ካስተማሯቸው መምህር ናት።"

"መምህራቸው ማን ይባላሉ?"

ይህን መጠየቅ አልነበረብኝም። ቃሉ ይቀረጻል።

"ጋሽ አራጋው ይሏቸዋል" አለች። "ሞተዋል መሰለኝ። ጋሽ ኑርልኝ ስማቸውን ሲያነሡ ነፍስ ይማር ነው የሚሉት።"

ሠላሳ ሰከንድ ቀርቷት ነበር። ሌላ የምትለው እንዳለ ጠየቅኋት። ማማ መጠገን መማር እንደምትፈልግ፣ የቀይ ገደሉን ማማ እስከዛሬ ማንም ሊያነሣው እንዳልመጣ ነገረችኝና ስክሪኑ ጠፋ። የማማ ጠጋኝነት ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ፋይሉን ይዤ ወደ ኃላፊያችን ወደ ሶሊያና ገባሁ። አርባ ዓመቷ ነው፣ ደግ ናት፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ቆሞ እንዲያናግራት አትወድም። ቁጭ ብዬ ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ ያለውን መንገድ አንድ በአንድ አሳየችኝ፣ እኔም የማውቀውን። አልፈርምም ካልኩ ፋይሉ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ይሄዳል፣ እዚያ ያለው ሰውዬ ይፈርማል። ጉዳዩ ይመለከተኛል ብዬ ራሴን ካገለልኩ በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ እንደተፈረመ ይቆጠራል። መምህር አስተምሯቸው ነው ማለት ደግሞ አይቻልም፣ ምክንያቱም በቀይ ገደል መምህር የለም፤ በመዝገቡ አርባ ሦስቱም በአስጠኚ የተማሩ ናቸው። ኑርልኝ ዕቃ ጠባቂ ነው።

"ምንጭ ላይ የሰውዬውን ስም ይጻፉ ጋሽ አራጋው" አለችኝ ቀስ ብላ። "ልጆቹ ይተርፋሉ። እሱ ቢበዛ ከሥራው ይባረራል።"

እውነቷን ነው። ለአፍታ ያህል እኔም ቀለል አለኝ፣ አልዋሽም። የሚጻፈው አንድ ስም ነው፣ ፍጻሜውም ያምራል። ግን ኑርልኝ ከተባረረ ነገ እዚያ ሰሌዳ ፊት የሚቆመው ማን ነው? ከአርባ ሦስቱ ሥር ያሉ ታናናሾቻቸው አሉ፣ ማማው ዛሬም ገደል ውስጥ ነው። የሦስት ቀን ሥልጠና እንኳ ሳይሰጠው፣ ማንም ሳያዘው፣ በከሰል ያስተማረ ሰው እሱ ብቻ ነው። ደግሞም ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ሥሩ እሱ አይደለም።

"የኔን ነው የምጽፈው" አልኳት።

ሶሊያና ተው አላለችኝም። በመስኮቱ ወደ ጦሳ ተራራ አየችና አመሳካሪው ስም ብቻ እንደማይቀበል፣ ናሙና እንደሚጠይቅ አስታወሰችኝ። ናሙና ማለት ምንጭ ነኝ ያለው ሰው ጥያቄውን ራሱ ሠርቶ የሚያስገባው ወረቀት ነው።

ታች ባለው የናሙና ክፍል ገባሁ። ጆሮዬን በጨው ውሃ አጠቡኝ። እስከዛሬ ሲያጥቡ እንጂ ሲታጠቡ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር፤ ያማል፣ ያዞራል። ኪስ የሌለው ልብስ ሰጡኝ፣ አጭር ሆነብኝ። ወረቀትና አንድ እርሳስ ቀረበልኝ። ባዮሎጂ ከተውኩ ሠላሳ ዓመት አልፎኝ ስለ ነበር ይጠፋብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እጄ አልረሳም። ልቡን ሣለ፣ ሁለቱን ባቄላ አንጠለጠለ፣ ግራውን ቀኝ አደረገ፣ ግጥሟን ጻፈ። ልኩን እያወቅሁ ስህተቱን ስጽፍ እንባዬ መጣ፤ በምን እንደሆነ ለራሴም አልገባኝም። ምናልባት ሰሌዳ ፊት የቆምኩበት ዘመን ደስ ይለኝ ስለነበር ይሆናል።

አመሳካሪው ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ዘጠና ዘጠኝ ከመቶ አለ። ቀጥሎ ጥያቄ መጣ። መልሱን ለተማሪዎቹ ያቀበሉት እርስዎ ነዎት? አዎ። መቼ? በሁለት ሺህ ሃያ ስድስት። የፈተናው ጥያቄ የወጣው ዘንድሮ ነው፣ እኔ መልሱን የሰጠሁት ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት፣ ልጆቹ ሳይወለዱ። አመሳካሪው አልገረመውም። ሦስተኛው ሣጥን ላይ አራጋው ውብሸት ብዬ፣ ከነአባቴ፣ ሙሉውን ጻፍኩ። እጄ ለምዶት ስለነበር ጭረቷን ብቻ አድርጎ ሊያልፍ ሲል ነው የያዝኩት።

በሳምንቱ ከሥራ ተሰናበትኩ። ስሜ በምንጮች ዝርዝር ላይ ወጣ፣ ከማንኛውም ትምህርት ቤትና የፈተና ቦታ በአምስት መቶ ሜትር እንዳልቀርብ ታዘዝኩ። ከባልደረቦቼ ሁለቱ ሰላም ማለት አቆሙ፤ አሥራ ሦስቱ መጀመሪያም ሰላም ብለውኝ አያውቁም። አርባ ሦስቱ ልጆች ተቀባይ ተባሉ፣ ለከርሞው ፈተና ተመዘገቡ።

መስከረም ሲጠባ ወደ ቀይ ገደል ሄድኩ። መኪናው ገደሉ ጋ ይቆማል፣ ከዚያ በእግር ነው። ኑርልኝ የላክሁበት መልእክት ደርሶት መንገድ ላይ ወጥቶ ጠበቀኝ። ሃምሳ ዓመት ሆኖታል፣ ጸጉሩ ሸብቷል፣ ሲያየኝ ግን ኮፍያውን አውልቆ እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆመ። እየኖርኩ በነፍስ ይማር ሲያነሣኝ ስለከረመ ይቅርታ ጠየቀኝ። ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀምሮ በገመድ ለክቶ አምስት መቶው ሜትር የሚያልቀው ወፍጮ ቤቱ በር ላይ መሆኑን አግኝቷል። ሰሌዳውን እዚያ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ልጆቹን ጤፍና ማሽላ በሞላበት ጆንያ መካከል አስቀምጧቸዋል። ወፍጮው ያጓራል፣ ዱቄት በሁላችንም ላይ ይወርዳል፣ እህል ያመጡ ሴቶችም ተራቸውን እየጠበቁ ያዳምጣሉ።

ልቡን ሣልኩ። በዚህ ጊዜ አንድ ልጅ ፊት ለፊታቸው አቁሜ ግራና ቀኙን በሱ ደረት ላይ አሳየኋቸው፤ ከዚያ ሰሌዳው ላይ ያለው ሥዕል እንደዚህ ልጅ የቆመ ነው አልኳቸው። የደከመው ደም በቀኝ ይገባል፣ ከሳንባ ታድሶ የሚመለሰው በግራ። ልጆቹ ተያዩ። ኑርልኝ ከኋላ ተነሣ።

"ጋሼ፣ ስህተት ነበር እንዴ?"

"አዎ።"

"ያኔም?"

"ያኔም። እኔ ያወቅሁት ኋላ ነው። ካወቅሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ዝም አልኩ። አጥፍቻለሁ ኑርልኝ።"

እጁ ላይ ያለውን ከሰል አየ፣ ዱቄቱን ከጉልበቱ ላይ አራገፈ። ለነዚህ ልጆች ብቻ ሳይሆን ለራሱ ልጆችም እንዳስተማራት፣ ትልቋ ልጁ አሁን ለልጇ እሹሩሩ እያለች እንደምትዘፍናት ነገረኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ምን ይደረጋል" አለ በመጨረሻ። "በሉ ልኩን ይጻፉልንና እንገልብጠው።"

ይህ ነው የእኛ ነገር። ዞሬ ከደሴ ያመጣሁትን ጠመኔ አነሣሁና ጻፍኩ። ማንም ሳያዘው እጄ ራሱ ቤት መታ፦ የደከመ ደም በቀኝ በር ገብቶ፣ ሳንባ ቤት ሻይ ጠጥቶ፣ በግራ በር ወጣ ተደስቶ። አርባ ሦስቱም አንገታቸውን ደፍተው ይገለብጣሉ። ኑርልኝም ከኋላ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ይገለብጣል፣ እርሳሱን አጥብቆ ይዞ። ሥራዬን የጨረስኩ መስሎኝ ነበር።

ሩቅያ እጇን አወጣች። ፊት ለፊት ሳያት ከስክሪኑ ላይ ይልቅ ትንሽ ናት።

"ጋሼ፣ ልክ ሆነን ግን አንድ ዓይነት ብንጽፍስ?"

ወፍጮው እያጓራ ነበር፣ መልሱን ግን ሁሉም ይጠብቃሉ። ደንቡን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሁለተኛ ጊዜ የተመሳሰለ ተማሪ ምንጭ ቢገኝም ባይገኝም ይታገዳል።

"ትታገዳላችሁ" አልኳት።

ደክሞኝ ነበር። ከደሴ ጀምሮ ደክሞኛል፣ ምናልባትም ከዚያ በፊት። ሰሌዳው ላይ ያለችውን ግጥም አየኋት፤ ሠላሳ አራት ዓመት የኖረች፣ ታርማ የመጣች፣ እንደገና የምትገድላቸው። በኮቴ እጅጌ አጠፋኋት። ሥዕሉንም አጠፋሁት። ከኋላ ኑርልኝ አልጨረስኩም ሲል ሰማሁት።

ደብተር እንዲዘጉ ነገርኳቸው። ቅር እያላቸው ዘጉ። ሩቅያን አስነሥቼ ደሙ እንዴት እንደሚሄድ በራሷ አፍ እንድትነግረኝ ጠየቅኋት፣ ያለ ግጥም። ወደ ኑርልኝ አየች። ኑርልኝ ወደኔ አየ። ከሴቶቹ የአንዷ ማሽላ አልቆ ወፍጮው ቆመ። በኪስ የለሽ ልብስ ሆኜ እርሳሱን ስይዝ እንኳ እንዲህ አልፈራሁም።

"ደሙ ከእግር ይነሣል" አለች። "ዳገት ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ እንዳይወርድ የሚይዙት ቫልቮች ልክ ማማ ላይ የሚወጣ ሰው እንደሚረግጣቸው ብረቶች ናቸው። በቀኝ ይገባል። ወደ ሳንባ ይሄዳል። ከዚያ..." እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፣ ቀኝና ግራውን ፈለገች። "ከዚያ በቀኝ ተመልሶ፣ መሐሉን አቋርጦ፣ በግራ ይወጣል።"

ኑርልኝ ሊያርማት ከተቀመጠበት ብድግ አለ። እጄን አንሥቼ አስቆምኩት። ተሳስታለች። መሐሉን የሚያቋርጥ ደም የለም፤ እንዲህ ያለ ስህተትም በአርባ ዓመት ሥራዬ፣ በስንት ሺህ ወረቀት ላይ አይቼ አላውቅም። የኔ አይደለም፣ የኑርልኝም አይደለም፤ የራሷ ነው፣ ከማንም ጋር አይመሳሰልም።

"ቀጥዪ" አልኳት።